ከመጀመሪያው ቃል በፊት

ትንፋሽ መቁረጥ ሥራዬ ነበር። አትደንግጡ፤ የዘፋኝ ትንፋሽ ማለቴ ነው። ዘፋኝ ቃል ከማውጣቱ በፊት አየር ይስባል፤ ማይክ ደግሞ ያንን ሁሉ ይሰማል። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ድምፁን አስፍቼ፣ ትንፋሹ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለይቼ፣ አንድ በአንድ አወጣዋለሁ። ይህን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ እያበላሸሁ፣ እንደገና እየሠራሁ የለመድኩት ነው። ሠርግ የሚዘፍኑ የደሴ ልጆችም ሆኑ መንዙማ የሚያስቀዱ ሰዎች ሥራቸውን ሲረከቡ «ንጹሕ ነው» ይሉኛል። ከዚያ የበለጠ ሙገሳ አልፈልግም ነበር።

ክፍሌ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አሮጌ ፎቅ ላይ ናት፤ መሃሏን በመስታወት ለሁለት ከፍያታለሁ። ግድግዳዋን በስፖንጅ ፍራሽ ሸፍኜዋለሁ፤ መስኮቱ ላይ ድርብ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ። የባጃጅ ጥሩምባ ግን ብርድ ልብስ አይበግረውም። ጥሩምባ የገባበትን ቀረጻ ጥዬ እንደገና አስዘፍናለሁ፤ ዘፋኙ ቢቆጣም አልሰማም። በዚህ ምክንያት አስቸጋሪ ነው ይባላል። ከሰው ጋር ስለማላወራ ደግሞ «ጭጭ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ጆሮው ላይ ሄድፎን ያደረገ ሰው ዝም ቢል ማንም አይታዘበውም፤ እኔም ሥራውን የወደድኩት በከፊል ለዚህ ይመስለኛል።

ሀረጎ ባንድን የማውቃቸው በካሴት ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ልጅ ሆኜ አብሬው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ እነሱን ይከፍታል። ባንዱን ያቋቋሙት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ክር ፋብሪካ የፈተል ሠራተኞች የነበሩ ጓደኛሞች ናቸው። ባቲንና አምባሰልን በኤሌክትሪክ ጊታር፣ ድምፁን አሻክረው ስለሚጫወቱ ሰዉ «ሮኮቹ» ይላቸዋል። ሠርግ ቤት ሽማግሌዎቹ «ጆሯችንን አደነቆራችሁት» ብለው ይቆጣሉ፤ ትንሽ ቆይቶ የራሳቸው ትከሻ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከሁሉም በላይ ግን ሰው የሚመጣው ለዘፋኛቸው ለጋሽ ይመር ነበር። ጋሽ ይመር ጉሮሯቸውን ታመው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ድምፃቸው አልተመለሰም። ሹክሹክታ ብቻ ቀረላቸው። ባንዱም አብሯቸው ዝም አለ።

ባለፈው ክረምት፣ ጉም መንገዱን በሸፈነበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደረጃዬ ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ።

«ይህ ስቱዲዮ ነው ወይስ ጦሳ ተራራ?» አሉ ፊት የመጡት ሰው፣ ወገባቸውን ይዘው። ድራም የሚመቱት ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። «ወላሂ፣ እዚህ የሚደርስ ዘፋኝ ምንም ትንፋሽ አይቀረውም።»

«ቢቀረውም ልጁ ይቆርጠዋል አሉ» አሏቸው ከኋላ የተከተሉት ጋሽ ታደሰ። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ናቸው።

በመጨረሻ ጋሽ ደምሰው ገቡ። ጊታራቸውን ዝናብ እንዳይነካው በጋቢ ጠቅልለውታል። የባንዱን ዘፈኖች የደረሱት እሳቸው ናቸው። ወንበር ስሰጣቸው አልተቀመጡም።

«አንድ ዘፈን አለን» አሉኝ። «ይመር ከመታመሙ በፊት የሠራነው ነው። ካሉን ዘፈኖች ሳይቀዳ የቀረው እሱ ብቻ ነው።» ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። የጣቶቻቸው መጋጠሚያ አብጧል። «ጠዋት ጠዋት አንታጠፍም ይሉኛል። ሲሞቁ ትንሽ ይታዘዙኛል። ዘንድሮ ካልቀዳሁት ለከርሞ ጊታር የምይዝ አይመስለኝም።»

«ማን ነው የሚዘፍነው?» አልኩ።

በሩ አጠገብ የቆመችውን ወጣት ያየኋት ያኔ ነው። ሰዓዳ ትባላለች። ሽማግሌዎቹ ጡረታ በወጡበት ፋብሪካ፣ በዚያው በፈተል ክፍል ትሠራለች። ቅዳሜና እሑድ ኮምቦልቻ ሠርግ ላይ ትዘፍናለች፤ እነሱም ያገኟት እዚያ ነው።

«ጋሽ ይመር ያውቃሉ?»

ሦስቱም ወለሉን አዩ።

«አንተ ጭጭ የምትባለው ልጅ አይደለህም እንዴ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ታዲያ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከየት አመጣኸው?»

ማይኮቹን አስተካከልኩ፤ ድራሙን በብርድ ልብስ ከለልኩት። ሰዓዳ ማይኩ ፊት ቆመች። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ እጄን ሳነሳ ጋሽ ደምሰው ጀመሩ።

መግቢያው በባቲ ቅኝት የተሠራ ነው። ጊታሩ ከታች ተነስቶ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆይቶ ይወርዳል። ቤዙ ከኋላ ይከተለዋል፤ ድራሙ ቀስ ብሎ ይደርስባቸዋል። ያባቴ መኪና ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ። መግቢያው ወርዶ አለቀ፤ ሰዓዳ አልገባችም። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ወረደ። አልገባችም። ሰዓዳ አንገቷን አዙራ እነሱን ታያለች፤ እነሱ ይጫወታሉ። ዞሩ፣ ዞሩ፣ በመጨረሻ የጋሽ ደምሰው ጣት ተንሸራተተና ሁሉም ቆመ።

«ምን ሆነሽ ነው የማትገቢው?» አሏት።

«ምን ሆናችሁ ነው የማታስገቡኝ?»

«ዘፋኝ ራሱ ነው የሚገባው!»

«ሠርግ ቤት ድራሙ ደለቅ ያደርግልኝና እገባለሁ» አለች ሰዓዳ።

«ድራሙ ደለቅ የሚያደርገው አንቺ ስትገቢ ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«እኔ የምገባው ደግሞ ድራሙ ደለቅ ሲያደርግ ነው።»

«እንግዲያው እስከ መውሊድ ስንዞር እንከርማለና!»

መግቢያው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ጠየቅኳቸው። ጋሽ ታደሰ አንድ ቁጥር አሉ፤ ጋሽ እንድሪስ ሌላ። ጋሽ ደምሰው «አይቆጠርም» አሉ። እኔ የማይቆጠር ነገር አልወድም። በሄድፎናቸው ጠቅ ጠቅ እያለ ምት የሚቆጥር ድምፅ ላክሁላቸው፤ ጋሽ እንድሪስ ወዲያው አውልቀው ጣሉት። «ይህ ሰውዬ በር ያንኳኳል፤ የሚከፍትለት የለም እንዴ?»

እንደገና ጀመሩ። በዚህኛው ጊዜ ኮምፒውተሩን ትቼ በመስታወቱ እነሱን ማየት ያዝኩ። መግቢያው ወደ ጫፉ ሲጠጋ ሦስቱም ቀና አሉ። ሦስቱም ያዩት አንድ ቦታ ነው። ሰዓዳን አይደለም። ከሰዓዳ በስተቀኝ፣ ማንም ያልቆመበትን ባዶ ቦታ ነው የሚያዩት። ሰው እዚያ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ዓይናቸው ትከሻው ላይ ያርፍ ነበር።

ቀረጻውን አቆምኩና ወደ እነሱ ገባሁ። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ምኑን ነው የምታዩት?»

 «ክርኑን» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«የማንን?»

«የይመርን። ሌላ የማንን?» ቤዛቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ፈተል ክፍል ማሽኑ ሲጮህ ሰው በአፍ አይግባባም፤ በእጅ ነው። ክርን ማንሳት ‹አስነሳው› ማለት ነው። እኛ መድረክም ላይ እንደዚያው ነበርን። ይመር ደስ ሲለው ክርኑን ያነሳል፤ እኛ እንነሳለን። አንድ ቀን ቶሎ፣ አንድ ቀን ቆይቶ። ቆጥረን አናውቅም።»

«እና ይህ ምን ያስቸግራል?» አለች ሰዓዳ። «እኛም ዛሬ ድረስ እንደዚያው ነን። እኔ አነሳለሁ።»

አነሳች። ድራሙ ቀደመ፤ ቤዙ ዘገየ፤ እሷ መሃል ላይ ብቻዋን ቀረች። ደግማ አነሳች፤ ጋሽ ደምሰው ሳያዩ አለፏት። ደጋግመው ሞከሩ። የእሷ ክርን ልክ እንደ ማንኛውም ክርን ነው፤ ምን እንደጎደለው ማናችንም ልንናገር አልቻልንም። ጋሽ ደምሰው ገመዳቸውን ነቀሉና ጣቶቻቸውን በሌላኛው እጃቸው ጨበጧቸው።

«እሱ አይደለም» አሉ።

«አይደለሁማ» አለች ሰዓዳ። «እኔ ሰዓዳ ነኝ። እሳቸውን ከፈለጋችሁ ሄዳችሁ ጥሯቸው። እኔን ከፈለጋችሁ ደግሞ እኔን እዩኝ እንጂ ግድግዳ አትዩ።»

«ለምን አንጠራቸውም?» አልኩ። ራሴም የተናገርኩት እኔ መሆኔ ገረመኝ።

«ምን ብለን?» አሉ ጋሽ ደምሰው። «ድምፅህን አጥተሃል፣ ና፣ ሌላ ሰው በአንተ ቦታ ሲዘፍን ቁመህ ስማ ብለን?»

«ከአረፋ ወዲህ አልጠየቅሁትም» አሉ ጋሽ እንድሪስ ቀስ ብለው። ጋሽ ታደሰ የቤዛቸውን ገመድ መጠቅለል ያዙ፤ እሳቸውም እንዳልጠየቋቸው ያስታውቅ ነበር።

ነገ ከሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ እንድንሞክር ተስማማን። «ካልሆነ ይቅር» አሉ ጋሽ ደምሰው ጊታሩን በጋቢው እየጠቀለሉ። «ጊታሩን አጫውቶ ለሚያሳድረው ሰው እሰጠዋለሁ።»

እሑድ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ለሽማግሌዎቹ አልነገርኳቸውም፤ ለሰዓዳ ግን ደውዬላት ነበር። ደሴን የሸፈነው ጉም እስከ ሀረጎ ድረስ ከመኪናው ጋር መጣ፤ ከዚያ ኩርባዎቹ ላይ ትንሽ በትንሽ ወደኋላ ቀረ። ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ ሰው ሁሉ ሹራቡን ማውለቅ ጀመረ። የዘፈኑ መጀመሪያም ይህንኑ መንገድ ነው የሚለው፦

ሀረጎን ስወርደው ጉሙ ተከተለኝ፤
አንቺ ካለሽበት ፀሐዩ ያስጥለኝ።

አባቴ እዚህ ኩርባ ላይ ሲደርስ ማርሽ ከመቀየሩ በፊት አንድ ረጅም ትንፋሽ ይስብ ነበር። ይህ ትዝ ያለኝ የዚያን ቀን ነው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ድምፁን የቀዳሁበት ምንም ነገር የለኝም።

ሰዓዳ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀችኝ። ወደ ጋሽ ይመር ቤት በእግር ጀመርን።

«ምን እንደምታስብ አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምንም አላሰብኩም።»

«አንተ ስለማትናገር ሰው የፈለገውን ይሞላልሃል።» ትንሽ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «እኔ መዝፈን የለመድኩት እሳቸውን ሰምቼ ነው። ማሽን ላይ ሆኜ ማንም ስለማይሰማኝ እየጮህኩ የእሳቸውን ነበር የምዘፍነው። አሁን ሲያዩኝ ፊታቸውን ቢያዞሩብኝ፣ ወላሂ፣ ሁለተኛ አልዘፍንም።»

የጋሽ ይመር ቤት ከድሮዎቹ የሠራተኛ ቤቶች አንዱ ነው። ጓሮ ፓፓያ ተክለዋል። ስንደርስ በጎማ ውሃ እያጠጡ ነበር። ካሴቱ ላይ ካለው ፎቶግራፍ በጣም ከስተዋል፤ አንገታቸው ላይ ስስ ሻርፕ ጠምጥመዋል። ሲያዩን አጨበጨቡ፤ ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ከቤት ወጡ። ጋሽ ይመር ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብለው ሹክ አሉ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ምሳ ሳትበሉ አትሄዱም ብሏል» አሉ እትዬ ሙሉ።

ጋሽ ይመር ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሺ፣ ምሳውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

የምናገረውን መኪና ውስጥ ስገጣጥም ነበር የመጣሁት። እፊታቸው ስቆም ግማሹ ጠፋኝ። ዘፈኑን፣ የጋሽ ደምሰውን ጣቶች፣ መግቢያው እንዴት እንደሚዞርና እንደሚዞር፣ እንደምንም ነገርኳቸው። «ሌላ ዘፋኝ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ዓይኔን ወደ ፓፓያው መለስኩ። ጋሽ ይመር ጎማውን ይዘው ያዳምጣሉ፤ ውሃው አንድ ፓፓያ ሥር ላይ እየተጠራቀመ ወደ ጫማቸው መጣ። አላዩትም። ስጨርስ ለሚስታቸው ሹክ አሉ።

«ሰው ካገኛችሁ እሰየው፤ እኔ ምን ላደርግላችሁ? ብሏል።» እትዬ ሙሉ ትንሽ ቆዩና «ይኼኛው የራሱ ነው፤ ምንም አልጨመርኩበትም» አሉ።

ከዚያ ጋሽ ይመር ነፃ እጃቸውን ወደ ጉሮሯቸው አነሱ። አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አጋጥመው፣ ድንገት ለያዩዋቸው።

ሰዓዳ አጠገቤ ትንፋሿን ስትውጥ ሰማሁ።

«ይህንን እኔም አላውቀውም» አሉ እትዬ ሙሉ። «ከታመመ ጀምሮ አንዳንዴ ያደርገዋል። ምን ማለትህ ነው ስለው እጁን ይወረውርና ይተወዋል።»

«ክር ተበጠሰ ማለት ነው» አለች ሰዓዳ። «እኛ ክፍል ክር ሲበጠስ ለጓደኛችን እንዲህ ነው የምናሳየው።»

ጋሽ ይመር ያን ጊዜ ነው በደንብ ያዩዋት። ሰዓዳ እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና አውራ ጣቷን ሌባ ጣቷ ላይ አሸት አሸት አደረገች። እኔም ሳይነገረኝ ገባኝ፤ የተበጠሰን ክር የሚቀጥል ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ጋሽ ይመር ጎማውን ጣሉት። በሁለት እጃቸው አንድ ነገር አሏት፤ መለሰችላቸው። ሌላ አሉ፤ እሷም ሳቀችና ክንዷን ዘርግታ አሳየቻቸው።

«ምን ይላሉ?» አልኩ።

«የትኛው ማሽን ላይ ነሽ ይላሉ። እዚያ በር ጋ ያለው ላይ ነኝ አልኳቸው። ‹ያ አሮጌ አህያ እስካሁን አልሞተም?› አሉኝ።»

ጋሽ ይመር ይስቃሉ፤ ትከሻቸው ይርገፈገፋል፤ ድምፅ ግን የለውም። እትዬ ሙሉ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ጆሮዬን ሳስጠጋ የኖርኩት! ለካ በእጁ እንዲህ ያወራል!»

ጋሽ ይመር ለሰዓዳ በእጃቸው ምልክት ሰጧት፤ ዝፈኚ ማለታቸው ነበር። ጊታር ስላልነበረ መግቢያውን በአፏ አዜመችው። ከታች ተነሳች፣ ወጣች፣ ጫፍ ላይ ደረሰች፣ ወረደች። ሁለተኛውን ጀመረች። ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጫፉ ላይ ስትደርስ ደረታቸው ሞላ፤ ከዚያ ክርናቸው በቀስታ ከጎናቸው ተነሳ። ሰዓዳ «ሀረጎን ስወርደው» ብላ ገባች። ልክ በቦታው ነው የገባችው።

ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ሲገልጡ ክርናቸው አልወረደም ነበር። የሌላ ሰው እጅ ይመስል ዝቅ ብለው አዩት። ከዚያ ሄደው ቧንቧውን ዘጉና ወደ ቤት ገቡ። እትዬ ሙሉ ተከተሏቸው፤ ከውስጥ «ደሴኮ ይበርዳል! ያንን ወፍራሙን ልበስ!» ሲሉ ሰማን። ሲወጡ ሁለቱም ለብሰዋል። «እኔ ካልመጣሁ ማን ይተረጉምለታል?» አሉ እትዬ ሙሉ። «እናንተ በእጃችሁ ስታወሩ እነዚያ ሽማግሌዎች ረስተውት ቢሆንስ?»

ከሰዓት ደሴ ስንደርስ፣ ጋሽ ደምሰው ቁልፉን በተውኩላቸው ስቱዲዮ ጣቶቻቸውን በትኩስ ሻይ ብርጭቆ እያሞቁ ነበር። በሩ ሲከፈትና ጋሽ ይመር ሲገቡ ብርጭቆው እጃቸው ላይ ቀረ። ጋሽ እንድሪስ ከድራሙ ኋላ ብድግ አሉ። ጋሽ ይመር ወደ ሚስታቸው ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«እንድሪስ፣ ለአረፋ ሥጋ እልክልሃለሁ ብለህ በጉ የት ደረሰ? ብሏል።»

ጋሽ እንድሪስ ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ድራሙ አዙረው ያልላላውን ብሎን ማጥበቅ ጀመሩ።

«ይመር» አሉ ጋሽ ደምሰው። «ልነግርህ ነበር። በየቀኑ ልነግርህ ነበር።»

ጋሽ ይመር ብርጭቆውን ከእጃቸው ወሰዱላቸው። ግራ እጃቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያሹ አሞቁላቸው። እትዬ ሙሉ ምንም አልተረጎሙም።

ከዚያ ማንም ቦታ ሳያሳያቸው ሄደው ከሰዓዳ በስተቀኝ፣ ባዶው ቦታ ላይ ቆሙ። ጀርባቸውን ለባንዱ ሰጡ። በልማዴ የሰዓዳን ማይክ ወደ እሷ ላጠጋው፣ ከእሳቸው ላርቀው ነበር። ጊታሩ ሲጀምር ተውኩት።

መግቢያው ወጣ፣ ወረደ። እንደገና ወጣ። የባንዱ ዓይን ወደዚያው ቦታ ሄደ፤ አሁን ግን ባዶ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ያየሁትን እስከ ዛሬ እየደጋገምኩ አስበዋለሁ። መጀመሪያ የጋሽ ይመር ትከሻ ከፍ አለ፤ አየር ሳቡ። የጋሽ እንድሪስ ዱላ የተነሳው ያኔ ነው። የጋሽ ታደሰ ጣት ገመዱ ላይ የከበደው ያኔ ነው። ክርኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እነሱ ራሳቸው ክርኑን የሚጠብቁ መስሏቸው ኖረዋል እንጂ፣ ይጠብቁ የነበረው ትንፋሹን ነው።

ሰዓዳ ገባች። እንደ ጋሽ ይመር አልዘፈነችም፤ እሳቸው የሚያወርዱትን እሷ ታወጣዋለች፣ እሳቸው የሚጎትቱትን እሷ ታሳጥረዋለች። በእያንዳንዱ ስንኝ ፊት የጋሽ ይመር ትከሻ ይነሳል፤ ከንፈራቸው ቃሉን ይላል፤ ድምፁ ከእሷ ይወጣል። እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ አላቆሙም። የመጨረሻው የጊታር ድምፅ እስኪጠፋ ማንም አልተንቀሳቀሰም። የጋሽ ደምሰው ጣቶች ጊታሩ አንገት ላይ ተጨማደው ቀሩ፤ ጋሽ እንድሪስ ከድራሙ ተነስተው መጥተው አንድ በአንድ አላቀቁላቸው።

«ይበቃቸዋል» አሉ ጋሽ ደምሰው። «የፈለግሁትን አድርገውልኛል።»

ሁሉም ከመስታወቱ ወዲህ ወዳለው የእኔ ቦታ ታጭቀው ገቡ፤ ቀረጻውን ከፈትኩላቸው። መግቢያው ወጣ፣ ወረደ። ከዚያ፣ ከመጀመሪያው ቃል በፊት፣ ሻከር ያለ ረጅም ትንፋሽ መጣ። የሰዓዳ አልነበረም። ማይኩ የጋሽ ይመርን ወስዶታል። የተጎዳ ጉሮሮ ስለሆነ ትንሽ ያፏጫል። እጄ ሳላዘው ሄዶ ዘፈኑን አቆመ፤ ትንፋሹ ያለበትን ቦታ ለመቁረጥ መርጬ አጠቆርኩት። መጫን የቀረኝ አንድ ቁልፍ ነበር።

ጋሽ ይመር ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። በዚህ ጊዜ ወደ ሚስታቸው አልዞሩም፤ ወደ እኔ ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ትንፋሽዎ ነው፣ ጋሽ ይመር። ማይኩ ውስጥ ገብቶ ነው። አወጣዋለሁ።»

«አንዴ አሰማኝ።»

አሰማኋቸው። ድጋሚ አሉኝ። ደገምኩላቸው። ከታመሙ ጀምሮ የራሳቸውን ነገር በስፒከር ሰምተው አያውቁም። ጋሽ ደምሰው ግድግዳውን ያያሉ፤ እትዬ ሙሉ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ጋሽ ይመር ቀና ብለው ሰዓዳን አዩዋትና በእጃቸው ጠየቋት። ይህኛውን ማንም መተርጎም አላስፈለገውም። ዘፈኑ አሁን የእሷ ነው፤ ውሳኔውም የእሷ ነው ማለታቸው ነበር።

ሰዓዳ ትናንት ግድግዳ አትዩ ያለችው ልጅ ናት። ዘፈኗ ውስጥ የሌላ ሰው ድምፅ እንዳይኖር ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር።

«እንዳትነካው» አለችኝ። «እሳቸው ካልተነፈሱ እኔ የት እንደምገባ በምን አውቃለሁ?»

እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ትንፋሽ አልቆርጥም። ደንበኞቼ «ይህ የሚንኮሻኮሸው ምንድን ነው?» ሲሉኝ «አንተ ነህ» እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ሌላ ስቱዲዮ ይሄዳል። እኔም ከበፊቱ ትንሽ የበለጠ እናገራለሁ። ጋሽ ደምሰው ጊታሩን ለማንም አልሰጡም፤ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ጣታቸው ባይዝም እሑድ እሑድ ወደ ኮምቦልቻ ወርደው ፓፓያው ሥር ከጋሽ ይመር ጋር ይቀመጣሉ። ሰዓዳ የፈተል ምልክቶቹን ለእትዬ ሙሉ እያስተማረቻቸው ነው። እትዬ ሙሉ ግን ትምህርቱ አያዋጣኝም ይላሉ፤ በእጅ ሲሆን የራሳቸውን መጨመር አይችሉማ።

እኔ ግን እስካሁን የምመኘውን ልንገራችሁ። ያባቴን ንግግር አይደለም፤ ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ። ሀረጎ ኩርባ ላይ ማርሽ ከመቀየሩ በፊት የሚስበውን ያንን ትንፋሽ አንድ ጊዜ ብሰማው እወድ ነበር። ሰው በሕይወት እያለ ድምፁን መቅዳት ብዙዎቻችን እናስበዋለን። ዝም ያለበትን፣ ሊናገር የተዘጋጀበትን የሚቀዳ ግን አላየሁም። እናንተ አሁንም የምትቀዱት ሰው አላችሁ።

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ልጅ ነው፤ ሀረጎ ባንድ ከመወለዱ በፊት የተቋቋመ መሆኑን እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም። ስልኩን ከስፒከሩ ጋር አገናኝቶ ዘፈናችንን ከፈተ።  ጊታሩ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። በመስታወቱ አየሁት፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ትከሻው ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ከጋሽ ይመር ጋር እኩል አየር ሳበ፤ ከዚያ ከሰዓዳ ጋር አብሮ ገባ።